የማኅበራዊ ትስስር ገጽ መረጃና መደበኛ መገናኛ ብዙኃን፦ ዜጎች ከማመናቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘው ጫግኒ ከተማ ለመተከል ዞን ቅርብ ናት። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በአቅራቢያዋ በሚገኘው የራንች መጠለያ ተጠልለው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ መንገድ ሰላም፣ ስለ እርዳታ ማከፋፈያ ቀን ወይም ወደ ቀዬ ስለመመለስ የሚነገር ወሬ የአንድን ቤተሰብ ውሳኔ ይወስናል። ወሬው ሐሰት ከሆነ ዋጋው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ሰዎች በፌስቡክና በቴሌግራም የሚደርሳቸውን መልእክት የሚያምኑት ፈጥኖ ስለሚደርስና ብዙ ጊዜ ከሚያውቁት ሰው ስለሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱን ያስተላለፈው ወዳጅ የመረጃው ምንጭ ላይሆን ይችላል። መደበኛ መገናኛ ብዙኃን በአንጻሩ ተጠያቂ አዘጋጅና የታወቀ አድራሻ አላቸው፤ ሆኖም ዘግይተው ሊዘግቡ ወይም ሊሳሳቱ ይችላሉ። መደበኛው ምንጭ ዝም ባለ ቁጥር ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። ስለዚህም ተቋማት መረጃን በወቅቱና ሕዝቡ በሚረዳው ቋንቋ የማድረስ ኃላፊነት አለባቸው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነን ሐሰተኛ መረጃ፣ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ያሰራጨን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። የመረጃውን እውነትነት ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው ግን በዚህ አይጠየቅም፤ ፖለቲካዊ አስተያየትና ትችትም በሐሰተኛ መረጃነት አይፈረጅም።

በመሆኑም ዜጎች አንድን መልእክት ከማመናቸውና ለሌላ ከማጋራታቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

1. መልእክቱን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ፤
2. የወጣበት ቀን፣ እንዲሁም ምስሉ ከሌላ ቦታ ወይም ጊዜ የተወሰደ አለመሆኑ፤
3. ከአንድ በላይ በሆኑ፣ እርስ በርስ ባልተቀዳዱ ምንጮች መዘገቡ፤
4. አገልግሎትን፣ ክፍያን ወይም ምዝገባን የሚመለከት ከሆነ፣ በቀበሌው ወይም በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፉ።

በራዲዮና በቴሌቪዥን ዘገባ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለጣቢያው፣ መፍትሔ ካላገኘም ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል።