የላላው የወንበር እግር

በክረምት ጸንቶ የቆመ አሮጌ የእንጨት ወንበር በጋ ሲገባ መነቃነቅ ይጀምራል። ብዙዎቻችን ምስማር እንመታለን፤ አለዚያም የዶማ እጀታ እንደሚደረገው ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፋለን። ውሃው በእርግጥ ያጠብቀዋል። ታዲያ ለምን ተመልሶ፣ ያውም ብሶበት፣ ይላላል?

እንጨት የረቂቅ ቱቦዎች ጥቅል ነው። የቱቦዎቹ ግድግዳ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። እርጥብ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ በቃጫው ርዝመት የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ ግን በብዙ ዛፎች 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 25 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የአግዳሚ ጫፍ፣ ርጥበቱ ከ15 ወደ 9 በመቶ ቢወርድ፣ በዚያ አቅጣጫ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀጥናል። ያረጀ ኮላን ለመሰንጠቅ ይህ ይበቃል።

ሲዘፈዘፍ ጫፉ ሊያብጥ ይሻል፤ የቀዳዳው ግድግዳ ግን ይከለክለዋል። መፈናፈኛ ያጣው ቃጫ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ ከበፊቱ ይልቅ ቀጥኖ ይገኛል። እኛም አንድ የዋንዛ ወንበር ሁለት ጊዜ ዘፍዝፈን አበላሽተናል። ምስማርማ ቃጫውን ይሰነጥቃል እንጂ ክፍተቱን አይሞላም።

በመጨረሻ መገጣጠሚያውን ፈታነው። አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ አጥብቆ ስለማይዝ የደረቀውን እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቅነው። የቀጠነውን ጫፍ በስስ የእንጨት ልጣጭ አወፈርነው፤ ኮላ ቀብተን ከገጠምነው በኋላም እግሮቹን በገመድ ጠምጥመን፣ ገመዱን በበትር አክርረን አሳደርነው። ከዚያ ቫርኒሽ ቀባነው። ቫርኒሽ ርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ስለዚህ ወንበሩን ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት አጠገብ አንስተነዋል።