በስስ አየር የናፍጣ ሞተርን ጉልበት ማሳደግ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ በ2,446 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በከተማዋ የሚያድርም ሆነ የሚያልፍ የናፍጣ መኪና ቱርቦ ከሌለው በስተቀር ፋብሪካው ለሞተሩ የመሰከረለትን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሊያወጣ አይችልም። በባሕር ወለል 1,013 ሚሊባር የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 750 ሚሊባር ገደማ ስለሚወርድ፣ ፒስተን የሚመላለስበት ሲሊንደር በአንድ ስበት የሚሞላው አየር በይዘቱ ያው ቢሆንም በክብደቱ ግን ሩብ ያህል የጎደለ ነው። በአገሪቱ የገጠር መንገዶች ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር በባሕር ወለል 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚሰጥ ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስ አደባባይ የሚቀርለት ከ100 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የሞተር ጉልበት ማሳደግ ሲባል፣ የሥራው ትልቁ ክፍል ከፍታው የወሰደውን ማስመለስ ነው።

የቤንዚን ሞተር የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ሲሆን፣ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ ስቦ አጥብቆ በመጭመቅ (1ኤችዜድ ወደ አንድ ሃያ ሁለተኛ ይዘቱ ያደርሰዋል) በመጭመቁ በሚፈጠረው ግለት ላይ ናፍጣውን ይረጫል። ነጂው የነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ የሚጨምረው የናፍጣውን መጠን ሲሆን፣ አየሩ ግን ሲሊንደሩ የቻለውን ያህል ሁልጊዜ ይገባል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልገዋል፤ ናፍጣና አየር በሲሊንደር ውስጥ በቅጽበት ፍጹም ስለማይዋሐዱ ደግሞ ጭስ እንዳይወጣ አየሩ ከዚህም ተርፎ መገኘት አለበት። አየሩ ሲያጥር የናፍጣው ካርቦን ሳይነድ ይቀርና በማርሚታ በኩል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ጭስ የተገዛና ያልተሠራበት ናፍጣ ነው።

በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ናፍጣን መጥኖ ወደ ኢንጀክተሮች የሚልከው ፖምፓ ከኋላው የመጨረሻውን መጠን የሚወስን አንድ ብሎን አለው፤ ብሎኑ በማጥበቂያ ዳዶ የተያዘ ሲሆን፣ ማንም እንዳይነካካው ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ማኅተም ያደርግበታል። ማኅተሙን ሰብሮ ብሎኑን ሩብ ዙር ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ መኪናውም ለጊዜው የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን አየሩ አስቀድሞ በጎደለበት ደጋ የተጨመረው ናፍጣ አብዛኛው ወደ ጭስና ወደ ግለት ይለወጣል፤ ግለቱም የፒስተኑን ራስ ይጎዳል፣ ቴስታታውን ያጣምማል። አንዳንድ ፖምፓዎች እንዲያውም የተገላቢጦሹን እንዲያደርጉ የታሰቡ ናቸው፤ በላያቸው የታሸገ ትንሽ የብረት ከረጢት ተቀምጦ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ ከረጢቱ እየተለጠጠ ዘንጓን ይገፋና ናፍጣውን ይቀንሳል። ይህን መሣሪያ ጉልበት የሚበላ መስሎት የሚነቅለው ሰው መኪናውን ከደጋው የሚጠብቀውን ዘብ ማሰናበቱ ነው።

ትክክለኛው ሥራ ከጥገና ይጀምራል። በጤፍ አጨዳና በበጋ መንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ የጀመረ ኢንጀክተር፣ ልኩን የሳተ የቫልቭ ክፍተት፣ የተደፈነ ማርሚታ እያንዳንዳቸው ከፍታው ካጎደለው በተጨማሪ ጥቂት ጥቂት ጉልበት ይቀንሳሉ። እነዚህ ተስተካክለው ፖምፓውና ኢንጀክተሮቹ በመለኪያ ጠረጴዛ ላይ ከተመጠኑ በኋላ የሚገኘው ጉልበት ማንም የማይከለክለው፣ ሕግም የሚደግፈው ነው።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ቱርቦ ማዞር ይኖርበታል። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው የጋለ ጭስ ኃይል የሚሽከረከር፣ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊደርስ የሚችል፣ በሌላው ጫፉ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መዘውር ነው። አሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 የስዊዝ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በፓተንት አስመዝግቦታል፤ ጥቅሙን ግን በግልጽ ያሳየው ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረውን ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ሲለካው ወደ 230 ወርዶ አገኘው፤ ቱርቦ ሲገጥምለት ደግሞ 356 ሰጠው። ሞተሩ የቤንዚን ቢሆንም የአየሩ ነገር ያው ነው። በደብረ ማርቆስ የጎደለው ግፊት 260 ሚሊባር ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ብቻ የሚተካ ለስላሳ ቱርቦ ሞተሩን ከፋብሪካው ልክ ሳያሳልፍ ወደ ባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ይመልሰዋል፤ ለአሮጌ ሞተር ከዚህ ማለፍ አይመከርም። ናፍጣቸውን በኮምፒውተር በሚመጥኑ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፕሮግራሙን በመለወጥ ጉልበት ሲጨመርም፣ ቱርቦው በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ እንዲፈጥን ስለሚገደድ፣ በቆላ የተዘጋጀ ልክ ለደጋ እንዳለ አይወሰድም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፍ ያዛል፤ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው ምልክት የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ የሰፈረ በመሆኑ ሞተር ቀይሮ በአሮጌው መዝገብ መንዳት አይቻልም፤ ቱርቦ የሚያስገጥምም ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት መጠየቅና የመድን ድርጅቱን ማሳወቅ ይገባዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም መፈለጉ አይቀርምና፣ ይህ ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የሥራው እውነተኛ ፈተና ያለው ዓባይ በረሃ ነው። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከተማ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ክብደቱን ብቻ ወደ ላይ ለማንሣት ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ይፈጃል። ከዚህ ናፍጣ ሲሶው ብቻ ሥራ ሲሠራ የቀረው ግለት ሆኖ በማርሚታና በራዲያተር ይወጣል፤ ጉልበት በአንድ አምስተኛ ሲጨመር የራዲያተሩም ሸክም በዚያው መጠን ያድጋል። በደጀን ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩን ውኃ ከመፍላት የሚያግደው በስፕሪንግ ግፊት የሚይዘው ክዳን ነው፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላል። ቁልቁለቱን የሚያሸንፈው ደግሞ ፍሬንና ዝቅተኛ ማርሽ እንጂ የተጨመረው ጉልበት ስላልሆነ፣ ፍሬኑ ሳይታደስ ሞተሩን ማጎልበት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። አስተካካዩ መኪናውን ከድልድዩ አስነሥቶ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲያወጣ የሚከታተለው በመስታወቱ የሚታየውን ጭስና የሙቀት መለኪያውን መርፌ ነው፤ ደጀን ሲደርስም ሞተሩን ወዲያው አያጠፋውም፣ የጋለው የቱርቦ ዘንግ ዘይት ሳያጣ እንዲበርድ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆየዋል።