በሬሣ ሣጥን ላይ የተቀመጠ ጓንት

አንባቢ ሆይ፤ የኮንት ልጅ ብትሆን ማን ይንቀኛል ትላለህ? በቪየና ቤተ መንግሥት ግን የባላባት ልጅም እንደ ተራ ሰው የምትቈጠርበት ዘመን ነበረ።

ሶፊ ቾቴክ ከጥንታዊ የቦሔሚያ ቤተ ሰብ የተወለደች የኮንት ልጅ ነበረች። ቤተ ሰቧ ብዙ ሀብት ስላልነበረው ለልዕልት ኢዛቤላ ደንገጡር ሆና ገባች። የኦስትሪያ ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ወደዚያ ቤት ሲመላለስ፣ ልዕልቲቱ ከልጆቼ አንዷን ሊያጭ ነው ብላ ደስ አላት። እርሱ የወደደው ግን ደንገጡሯን ኖሯል።

የሐብስቡርግ ቤት ሕግ ከንጉሣዊ ዘር ካልሆነች ሴት ጋር የሚደረገውን ጋብቻ እኩል ጋብቻ አይለውም ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንዝ ዮሴፍ የፈቀዱት፣ አልጋ ወራሹ በ1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጁን 28 ቀን በመሳፍንቱና በሚኒስትሮቹ ፊት ቆሞ፣ ሚስቴ እቴጌ አትባልም፣ ልጆቼም ዙፋን አይወርሱም ብሎ ከማለ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ሠርጉ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱም፣ የሙሽራው ወንድሞችም አልተገኙም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስታነብ ቶሎ አትሳቅ፤ አንተም በስብሰባ ላይ ወንበርህ ከማን ቀጥሎ እንደ ሆነ ሳታይ አትቀርም። በግብዣ ቀን ሶፊ የምትገባው ከልዕልቶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ ገና ልጅ ከሆነችው እንኳ በስተጀርባ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሠረገላ ከባሏ ጎን መቀመጥ፣ በቴያትር ቤትም በንጉሣውያን ሰገነት መታየት ክልክል ነው። በ1909 የዱቼስ ማዕረግ ቢሰጣትም ተራዋ ያው ከኋላ ሆነ።

ይህን ሥርዓት አጥብቆ የሚያስከብረው የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ልዑል ሞንተኑቮ ነበር። የሚገርመው ግን የእርሱ የዘር ሐረግ ነው። አያቱ የናፖሊዮን ሚስት ማሪ ሉዊዝ ስትሆን፣ አባቱን የወለደችው ከአንድ ኮንት ነው፤ ያውም ናፖሊዮን በሕይወት ሳለ! የሰው ዘር አጥብቆ የሚቈጥር፣ የራሱ እንዳይቈጠርበት የሚፈራ ይመስለኛል።

በ1914 አልጋ ወራሹ የሠራዊቱ ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ ወደ ቦስኒያ ሄደ። የሄደው በጦር ሹመቱ ስለ ነበረ ሶፊ በአደባባይ ከጎኑ ለመቀመጥ ቻለች። በሳራዬቮ ከተማ በአንድ አውቶሞቢል ሲያልፉ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ተኩሶ ሁለቱንም ገደላቸው። ቀኑ ጁን 28 ነበር፤ ከመሐላው ልክ 14 ዓመት።

ሬሣቸው ቪየና ሲደርስ በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ጎን ለጎን አኖሯቸው። የባልየው ሣጥን ትልቅ ነው፤ ዘውድ፣ ሰይፍና ኒሻን ተደርድሮበታል። የእርሷ አነስ ብሎ ዝቅ ባለ ስፍራ ተቀመጠ፤ በላዩም ነጭ ጓንትና ማራገቢያ አኖሩበት። ይህም የደንገጡርነቷ ምልክት ነው ተብሎ ተወራ።

ሐብስቡርጎች በሚቀበሩበት በቪየናው የካፑቺን ቤተ ክርስቲያን ለሶፊ ቦታ እንደማይሰጧት ባሏ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ፣ በአርትሽቴተን ግንቡ ሥር ለሁለታቸው መቃብር አሠርቶ ነበር። ዛሬም ሁለቱ በዚያው ጎን ለጎን ተኝተዋል።