የቤት ብድር ውል ከመፈረማችን በፊት፦ ወለዱ፣ ሙራበሃውና ስሌቱ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ብዙዎቻችን በቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያ ልጆች ነን። አባታችን ወይም ታላቅ ወንድማችን ቤት ለመግዛት ሲያስብ የባንኩ ወረቀት የሚመጣው ወደ እኛ ነው። «እስኪ አንብብልን፣ ይሻላል?» እንባላለን። ነገ ተመርቀን ደመወዝ ስንይዝ ደግሞ ጥያቄው የራሳችን ይሆናል። አራጣ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ውሉ ውስጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ይህን ካላወቅን «ከወለድ ነፃ» የሚል ጽሑፍ ስናይ ምን ብለን እንደምንጠይቅ አናውቅም።

የወለድ ብድር እንዴት ይሰላል?

የምናሰላው ለመምከር ሳይሆን ለመረዳት ነው። አንድ ሰው 2,000,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። በየወሩ እኩል የሚከፍል ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 26,336 ብር ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 25,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,336 ብር ብቻ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድል ቢከፍል በድምሩ ወደ 1,580,000 ብር ይከፍላል። ቀሪ ዕዳው ግን ገና ወደ 1,882,000 ብር ነው። ሃያው ዓመት ሲያልቅ የከፈለው 6,320,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ የተበደረውን ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ጊዜው ወደ 10 ዓመት ቢያጥር ወርሃዊ ክፍያው 32,267 ብር ገደማ፣ ጠቅላላው 3,872,000 ብር ገደማ ይሆናል። በወር ወደ 5,900 ብር በመጨመር ከ2,400,000 ብር በላይ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ «ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ ነው» የሚለው አነጋገር አያታልለን። ወርሃዊው የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ ዓመቱ ስለሚረዝም ነው። ውሉ ባንኩ ወለዱን እንዲቀይር የሚፈቅድ አንቀጽ ካለው ደግሞ ይህ ስሌትም አይጸናም።

ሙራበሃ ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። ከዚያም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። በእነዚህ ዘንድ በብዛት የምንሰማው ሙራበሃ ነው።

በሙራበሃ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም። ቤቱን ራሱ ይገዛና የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ለምሳሌ በ2,000,000 ብር ገዝቶ በ4,000,000 ብር ለ10 ዓመት ቢሸጥ ወርሃዊው 33,333 ብር ይሆናል። ይህ ከላይ ካየነው የአሥር ዓመት የወለድ ብድር ይበልጣል። «ታዲያ ምን ለወጠው?» የሚል ወንድም አይጠፋም።

መልሱ ርካሽነት ላይ አይደለም። በሱረቱል በቀራ 275ኛ አንቀጽ ላይ አላህ ንግድን ፈቅዶ አራጣን እንደከለከለ ተገልጿል። በሙራበሃ ባንኩ ነጋዴ ነው፤ ቤቱ በእጁ ባለበት ጊዜ ጉዳት ቢደርስ ኪሳራው የእሱ ነው። ዋጋው አንዴ ከተስማሙበት በኋላ ገዢው ቢዘገይም አይጨምርም። ባንኩ ቤቱን ሳይገዛ ገንዘብ አስፈርሞ ቢሰጥ ግን ስሙ ሙራበሃ ቢሆንም ነገሩ ብድር ነው።

ሌላው አማራጭ እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካ ነው። ባንኩና ገዢው ቤቱን በጋራ ይገዛሉ፤ ገዢው ለባንኩ ድርሻ ኪራይ እየከፈለ ድርሻውን ቀስ በቀስ ይገዛል። የባንኩ ድርሻ ሲያንስ ኪራዩም ያንሳል።

ቀድሞ መክፈልና መዘግየት

በወለድ ብድር ከዋናው ዕዳ ላይ ቀድሞ የተከፈለ ብር የወደፊቱን ወለድ ይቀንሳል። በሙራበሃ ግን ዕዳው ሙሉው የሽያጭ ዋጋ ነው። ቀድሞ ለከፈለ ባንኩ በራሱ ፈቃድ ሊቀንስለት ይችላል፤ ብዙ ዑለማዎች ግን ቅናሹ በውሉ ላይ እንደ ግዴታ እንዳይጻፍ ይላሉ። ስለዚህ «ቶሎ እከፍልና ይቀንስልኛል» ብለን እቅድ አናውጣ።

መዘግየትን በተመለከተ በሱረቱል በቀራ 280ኛ አንቀጽ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት ታዟል። አቅም እያለው ለሚያዘገይ ቅጣት ቢኖር እንኳ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ገቢ መሆን የለበትም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳ ሳይከፈለው ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤተሰባችን የሚኖርበትን ቤት ለመያዣነት ከማስያዛችን በፊት ይህን ደጋግመን እናስብ።

ባንክ ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

• እስከ መጨረሻው በድምሩ ስንት ብር እከፍላለሁ?
• ባንኩ ለእኔ ከመሸጡ በፊት ቤቱን በእርግጥ ይገዛል? ማስረጃውን ማየት እችላለሁ?
• የግምት፣ የኢንሹራንስ፣ የመያዣ ምዝገባና የስም ማዛወሪያ ወጪ የማን ነው?
• ብዘገይ ምን ይከተላል? የቅጣቱ ገንዘብ የት ይገባል?
• የባንኩ የሸሪዓ አማካሪዎች ይህን ውል አይተውታል?

መልሱን በቃል አንቀበል። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍ የታዘዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። የውሉን ቅጂ ወስደን ቤት እናንብበው፤ ብይኑን ለሚያውቁ ዑለማዎች እንጠይቅ፤ ስሌቱን ግን እኛው እንሥራው። ወላጆቻችን ያስተማሩን ለዚህም ጭምር ነውና።

አላህ ሐላል በሆነው ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።