ረጅም መኪናና ጠባብ ኩርባ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንገዶች ላይ ስለ ጭነት ጉዞ የሚነገረውና እውነቱ

የሰሜን ሸዋን ደጋ በካርታ የተመለከተ ሰው መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ጎን ለጎን የተቀመጡ ጎረቤት አገሮች አድርጎ ያያቸዋል፤ ከዚህም በመነሣት ከመንዙ መሐል ሜዳ የመርሐቤቴው ዓለም ከተማ መድረስ በአንድ ሜዳ ላይ እንደ መሻገር ያለ ቀላል ጉዞ ይመስለዋል። የምድሩ አቀማመጥ ግን ይህን አይፈቅድም። የመንዝ ጥንታዊ ወሰን በደቡብ የሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ሲሆን፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚያዘቀዝቀው የተራራ ሰንሰለት ስለሆነ፣ አገሩ በሦስት ወገን በሸለቆ፣ በአንድ ወገን በገደል የታጠረ አምባ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለከባድ ጭነት ዋናው የመንዝ በር ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል የሚያስገባው መንገድ ሲሆን፣ የመርሐቤቴው ደግሞ ከጎጃም መንገድ ሙከጡሪ ላይ ተገንጥሎ፣ ለሚን አልፎ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ ነው። በካርታ ላይ ርቀትን በማስመሪያ ለክቶ የጭነት ዋጋ የሚደራደር ነጋዴ የሚሳሳተው ገና ከዚህ ነው፤ ለመኪናው የሚከብደው አግድሙ ርቀት ሳይሆን የሚወርደውና የሚወጣው ከፍታ ነውና። የተለመዱት የስልክ ካርታዎችም መንገድ የሚመርጡት ለቤት መኪና በመሆኑ የጭነት መኪናን ርዝመት፣ ቁመትና ክብደት ከቁጥር አያስገቡም።

በባለንብረቶችና በአስጫኞች ዘንድ በሰፊው የሚታመነው ሌላው ነገር ደግሞ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዘመ ቁጥር ኩርባ ላይ መታጠፍ ይበልጥ ይቸግረዋል የሚለው ነው። እምነቱ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ለማረም የሚያስቸግረው። ማንኛውም ባለ ጎማ ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ይሸሻል። የሽሽቱን መጠን የሚወስነው ግን ጠቅላላ ርዝመቱ ሳይሆን የአክስል ርቀት፣ ማለትም ከፊተኛው ጎማ ማዕከል እስከ ኋለኛው ጎማ ማዕከል ያለው ልክ ነው፤ መኪናው ከአንድ በላይ መጋጠሚያ ካለው ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍል ልክ ለየብቻ በራሱ ተባዝቶ ይደመራል። አንድ ረጅም ክፍል በራሱ ሲባዛ ከሁለት አጫጭር ክፍሎች ድምር እጅግ ይበልጣልና፣ ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ከመሐሉ እስከ ፊተኛው ጎማ ዱካ 13 ሜትር የሆነ የዞረ ኩርባ ይታሰብ። የአክስል ርቀቱ 3.8 ሜትር ገደማ የሆነ አይሱዙ በዚህ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ የሚሸሸው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚሸከመው፣ ከጎታቹ ጋር ካለው መጋጠሚያ እስከ ኋላ አክስሎቹ 8 ሜትር ያህል የሚረዝመው ግማሽ ተሳቢ ግን እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ይሸሻል፤ በዚህ ላይ የራሱ ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል ሲጨመር የመንገዱን ስድስት ሜትር ይዞ ያልፋል ማለት ነው። ራሱ እየጫነ ከኋላው ሌላ የሚጎትተው ባለ ሙሉ ተሳቢ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከግማሽ ተሳቢው ይረዝማል፤ ሆኖም አካሉ በአጫጭር ክፍሎች የተከፋፈለ ስለሆነ ሽሽቱ ሦስት ሜትር አይሞላም። እንግዲህ የርዝመት ገደብ የሚል ምልክት ያነበበ አሽከርካሪ «የእኔ ከተሳቢ ያንሳል» ብሎ መጽናናቱ በጠባብ ኩርባ ላይ መሠረት የለውም። በአንጻሩ ሙሉ ተሳቢ አንዴ ከተሰነቀረ ወደ ኋላ ለመመለስ ከግማሽ ተሳቢው እጅግ የከፋ ነው፤ ሁለት መጋጠሚያ ያለውን አካል በገደል ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ አስተካክሎ መንዳት ለነባር ሾፌርም ፈተና ነውና።

በዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ኩርባው ዳገት ላይ ሲሆን በውስጠኛው ጠርዝ ከውጭኛው ይልቅ ዳገቱ ይበረታል፤ ሁለቱም የሚወጡት ከፍታ እኩል ሆኖ ሳለ የውስጠኛው ርቀት አጭር ነውና። በ13 ሜትሩ ዱካ ላይ 7 በመቶ የሆነ ዳገት፣ ማለትም በ100 ሜትር ጉዞ 7 ሜትር የሚያስወጣ ተዳፋት፣ የግማሽ ተሳቢው ኋላ ጎማዎች በሚሄዱበት በ9 ሜትር ተኩሉ ዱካ ላይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። መኪናው ከባዱን ጭነት ይዞ ዳገቱ በሚብስበት በኩል ያልፋል ማለት ነው፤ በክረምት ጭቃ የጎማ መንሸራተት ኩርባ ላይ የሚጀምረውም በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሌላው የተለመደ አባባል «ሚዛን ያለፈ መኪና የትም ያልፋል» የሚል ነው። የሚዛን ጣቢያ የሚመረምረው የእያንዳንዱ አክስል ጭነት ከተፈቀደው እንዳይበልጥ ነው፤ ዓላማውም አስፋልቱን መጠበቅ ነው። በአሜሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ስለ ኩርባም ሆነ ስለ ዋሻ ምንም አይናገርም።

ስለ ዋሻ ከተነሣ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው ከጣርማ በር ዋሻ ጋር የርዝመት ገደብን ማያያዝ ስሕተት ነው። ዋሻ ውስጥ የሚያሰጋው የጭነቱ ቁመት ነው፤ ጣሪያው ቅስት ስለሆነም ከመሐሉ ይልቅ በጎኑ ዝቅ ይላል። መሐሉን ይዞ በነጻነት የሚያልፍ ቁመት፣ ከፊት ሌላ ከባድ መኪና መጥቶ ወደ ዳር ሲገፋው ጥጉን ሊነካ ይችላል። በጉም ቀን፣ ጣርማ በርም ጉም የማይለየው ቦታ ነውና፣ ይህን ስሌት እዚያው ደርሶ ለማስላት ጊዜ አይኖርም።

ከሁሉም የሚያስከፍለው እምነት ግን የቁልቁለቱ ነው። ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በዜሮ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል። እውነቱ ተቃራኒ ነው፤ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ የናፍጣ ሞተር ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፣ በዜሮ ሲለቀቅ ግን እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ከጣርማ በር ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ነው። 30 ቶን ያህል ክብደት ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1,200 ሊትር በላይ ውኃ ያፈላል። ይህ ሙቀት በሞተሩ ካልተያዘ የሚያርፈው በፍሬን ሸራና በታምቡሩ ላይ ነው፤ ሸራው ሲግል መያዙን እያጣ ይሄዳል፣ ሾፌሩም «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ያኔ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አናት ላይ ሳሉ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት የሚያስፈልገውም ፍጥነት ከመጣ በኋላ ማርሽ መቀነስ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ መንዙ ሞላሌ ወይም ወደ ግሼው ራቤል ጭነት የሚልክ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ባለመኪናውን ሦስት ነገር ሊጠይቀው ይገባል፦ የአክስል ርቀቱን፣ ጭነት የያዘውን ቁመትና መኪናው የሞተር ፍሬን ያለው መሆኑን። በመስመሩ ላይ ጠባቡን ኩርባ በትንሽ መኪና ሄዶ በሜትር ያልለካ ሰው ካለ ግማሽ ተሳቢውን ደብረ ብርሃን ላይ አቁሞ ጭነቱን ወደ አጫጭር መኪናዎች ያሸጋግር፤ የማሸጋገሪያው ወጪ ገደል ጠርዝ ላይ የተሰነቀረ ኮንቴይነርን ለማውጣት ከሚጠየቀው ያንሳል።