ለቁጥጥር መሣሪያዎች የኃይል ምንጭ ተስማሚ ካፓሲተር እንዴት ይመረጣል?

ከቡሬ፣ ከይርጋዓለምና ከባእከር ጋር በአገራችን በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተገነቡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ በስምጥ ሸለቆዋ ቡልቡላ ይገኛል። እንደ ወተት ያለ ምርት ሳይበላሽ እንዲቆይ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። የማቀዝቀዣው የሙቀት መቆጣጠሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የ5 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት በሚሰጥ ትንሽ የኃይል ምንጭ ይሠራል። የዚህ ምንጭ ካፓሲተር ያለአግባብ ከተመረጠ መቆጣጠሪያው ይቆማል፤ ምርቱም ለብልሽት ይጋለጣል። በመሆኑም የጥገና ባለሙያዎች ካፓሲተር ሲመርጡ መነሻ ሊያደርጉ የሚገባው የተለመደውን ሳይሆን እጅግ አስቸጋሪውን የሥራ ሁኔታ ነው።

የመጠን አመራረጥ

የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ በመሆኑ፣ ከባለ አራት ዳዮድ ሬክቲፋየር በኋላ ካፓሲተሩ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል። በሁለት ሙሊቶች መካከል የሚወርደው ቮልቴጅ በግምት የሚታወቀው የጭነቱን ጅረት በ0.01 ሰከንድ አባዝቶ ለካፓሲተሩ መጠን በማካፈል ነው።

ለምሳሌ ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመር ከሬክቲፋየሩ በኋላ እስከ 11.3 ቮልት ይሰጣል። 7805 የተባለው ሬጉሌተር በትክክል እንዲሠራ ቢያንስ ወደ 7 ቮልት ገደማ መግቢያ ይፈልጋል። ጭነቱ 0.5 አምፔር ሲሆን በ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ላይ ቮልቴጁ በ5 ቮልት ይወርድና 6.3 ይደርሳል፤ ይህም አይበቃም። በ2200 ማይክሮፋራድ መውረዱ 2.3 ቮልት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመስመሩ ኃይል በ15 በመቶ ቢቀንስ የሚቀረው 7.1 ቮልት ስለሚሆን፣ የኃይል መዋዠቅ በሚያጋጥምበት ስፍራ 3300 ማይክሮፋራድ መምረጥ ይመከራል።

የቮልቴጅና የሙቀት ደረጃ

ጭነት የሌለው ትራንስፎርመር ከተጻፈበት በላይ ቮልቴጅ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ለዚህ ምሳሌ ከ16 ቮልት ይልቅ ባለ 25 ቮልት ካፓሲተር ተመራጭ ነው።

የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር በእጥፍ እንደሚጨምር ይገመታል። በ105 ዲግሪ ለ2000 ሰዓት የሚሠራ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ገደማ ሊያገለግል ይችላል፤ በ85 ዲግሪ ለተመሳሳይ ሰዓት የተመደበው ግን 8,000 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞቃታማ አካባቢ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ለሚገጠም መሣሪያ ባለ 105 ዲግሪውን መምረጥና ከትራንስፎርመርና ከሙቀት ማስወገጃ ብረት አርቆ መግጠም ይገባል።

በገጠማ ወቅት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ከትልቁ ካፓሲተር በተጨማሪ በሬጉሌተሩ መግቢያ 0.33፣ በመውጫው ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተሮችን ከእግሮቹ አጠገብ መግጠም የውጤቱን መረጋጋት ይጠብቃል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር አዎንታዊና አሉታዊ ጫፉ ተገላብጦ ከተገጠመ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በአካሉ ላይ ያለውን የአሉታዊ ጫፍ ምልክት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ጥገና ከመጀመሩ በፊትም ኃይሉ ተቋርጦ በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ሙሊት በሬዚስተር አማካኝነት መውጣቱ በቮልት መለኪያ መረጋገጥ ይኖርበታል።