ግዙፉን ስታዲየም ያስዘጉት ትንንሽ ክፍሎች

ባህር ዳር ላይ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ጉዳዩ የከተማዋ ብቻ አይደለም። ከጎንደር የሚነሳው ደጋፊ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወረታን ያልፋል፤ የፎገራን ሜዳ ጨርሶ ሐሙሲት ሲደርስ ደግሞ ከአንበሳሜ ከሚመጣው የደራ ደጋፊ ጋር ይገናኛል። ስታዲየሙም ሲታሰብ ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ተብሎ ነው።

ንድፉ ሞላላ ሳህን ይመስላል። በሜዳውና በደጋፊው መካከል የመሮጫ ትራክ አለ። አገሩ የሯጮች አገር ነውና ትራኩ ለምን ኖረ አይባልም። ለኳስ ተመልካች ግን ዋጋ ያስከፍላል። የእንግሊዝ ሜዳዎችን በቴሌቪዥን የለመደ ሰው፣ የእጅ ውርወራ የሚወረውረውን ተጨዋች ማሊያ ጎትቶ የሚያስቀረው ይመስለዋል፤ እዚህ ከጎሉ ጀርባ የተቀመጠ ሰው የወዲያኛውን ጎል የሚያውቀው በጩኸቱ ነው። ጣራም ስላልነበረው ፀሐዩ አናት ላይ ነው።

ቢሆንም ሕዝቡ ግንባታው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ስታዲየሙ ገና በጅምር ላይ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯር መጣች። ቀድማ ጎል ያገባችው እሷ ነበረች። ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አከታትለው አስቆጠሩና ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የሚጫወቱት እንግዶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር እዚሁ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ ዋልያዎቹም ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሜዳ ምን ጎደለው? ስታዲየሙ የተሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ግዙፉ አካል፣ የውስጡ በኋላ ይደርሳል ተብሎ። የካፍ ገምጋሚ ደግሞ የሚያየው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የመልበሻ ክፍሉን ይከፍታል፣ ሣሩን ይረግጣል፣ ወንበሩን ይቆጥራል። ደጋፊው ምን ያህል እንደጮኸ የሚሞላበት ቅጽ የለውም!

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባህር ዳር ላይ 3 ለ 1 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ በሩን ዘጋው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ኅዳር 2፣ ዋልያዎቹ ጋናን “በሜዳቸው” አስተናገዱ። ሜዳቸው የተባለው ጆሃንስበርግ ነው። አንድ ለአንድ ተለያዩ።

በጣም የሚቆጨው ግን የሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጨዋታ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ይህም “የሜዳ ጨዋታ” ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ባህር ዳር ቢሆን ኖሮ በወረታ መንገድ መኪና አይገኝም ነበር።